ተልባ ለኮሌስትሮልና ለጉበት ስብ፦ ከመድኃኒቱ ጋር ወይስ በመድኃኒቱ ፈንታ?

የስፌት ሰው፦ (ጥቅምት 14)

እንደምን ሰነበታችሁ። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ከስፌት መኪናዬ የምነሣው ለምሳ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር እየከበደኝ ስለተቸገርኩ ተመረመርኩ። በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ መከማቸቱ ታየ፤ ወረቀቱ «ደረጃ 2» ይላል። የደም ውጤቴ ደግሞ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 164፣ ኤችዲኤል (ጥሩው) 42፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 210፣ የጉበት ኢንዛይሙ ኤኤልቲ 62 ነው። ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68። አልኮል በአፌ አይዞርም።

ሐኪሙ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒት 20 ሚሊግራም አዘዘልኝና ክብደት ቀንስ አለኝ። ከኋላዬ ብዙ ሰው ስለሚጠብቅ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አፈርኩ። መድኃኒቱን ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ እንጂ አልጀመርኩትም። በማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ ጉበት የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው። ጉበትህ ታሟል የተባለ ሰው ጉበትን ሊነካ የሚችል ክኒን እንዴት ይውጣል?

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። የሆነውን ስነግራት በማግስቱ አንድ ቁና ተልባና አንድ ጣሳ ማር በአውቶቡስ ላከችልኝ። «ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድህ ጠጣው፤ አባትህም ሆዱን ሲከፋው የሚሻለው በዚሁ ነበር» አለችኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፍሬ እንዳለ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ዝልግልጉን ውኃ አጥልዬ ሦስት ማንኪያ ማር ጨምሬ እጠጣዋለሁ፤ ፍሬውን እደፋዋለሁ። አዘገጃጀቱን ያገኘሁት ከኢንተርኔት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ተልባ በእርግጥ ኮሌስትሮልንና የጉበት ስብን ይቀንሳል? የሚቀንስ ከሆነስ መድኃኒቱን ሳልጀምር በእርሱ ልቆይ? የምታውቁ ሰዎች የምታውቁትን ንገሩኝ።

ደጀን፦

አይዞህ ወንድሜ። እኔም እንዳንተ ደንግጬ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ተልባ ጠጥቼ ኮሌስትሮሌ ከ240 ወደ 196 ወርዷል። ክኒኑን ትቼዋለሁ። በዚያው ቢራና ጥሬ ሥጋ ተውኩ፤ ማታ ማታም አንድ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ተልባ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው፤ ሳትጠራጠር ጠጣ።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

የእኔ ታሪክ ከደጀን ይለያል። እዚህ አሜሪካ የተልባ ዘይት በእንክብል ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ተልባ ወቅጦ መጠጣት ከሥራ ሰዓቴ ጋር ስላልተመቸኝ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት እንክብል ወሰድኩ። ኤልዲኤሌ ሲጀመር 151 ነበር፤ በዓመቱ 153 ሆነ። ብዙ ገንዘብ አውጥቼበታለሁ። ተልባው ነው የማይሠራው ወይስ እንክብሉ? እኔም መልሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ፋርማሲስቷ፦

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መድኃኒት ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ «ተልባ ስለጀመርኩ መድኃኒቱን ላቁም ወይ?» ተብዬ ሳልጠየቅ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጥያቄው ለእኔ ቀላል አይደለም። አጎቴ በ58 ዓመቱ «ተልባና ነጭ ሽንኩርት ይበቃኛል» ብሎ የኮሌስትሮል መድኃኒቱን አቆመ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ዛሬም ሸሚዙን የምትቆልፍለት ባለቤቱ ናት። ተልባው ጎዳው አልልም፤ መድኃኒቱን መተዉ ግን ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከፍርሃትህ ልጀምር። ጉበት ላይ ስብ መኖሩ ስታቲን (የአንተ አቶርቫስታቲን የሚመደብበትን የኮሌስትሮል መድኃኒት ዓይነት) አያስከለክልም። ስታቲን ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሞች የሚጨነቁት ኢንዛይሙ ከጤናማው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያልፍ ነው፤ የአንተ 62 ከዚያ በብዙ ይርቃል። ደግሞም ጉበቱ ላይ ስብ ያለበትን ሰው ከጉበቱ ይልቅ አብዝቶ የሚያሰጋው ልቡና የደም ሥሩ ነው። ያን ክኒን ከቁም ሣጥን አውጣው። ሥጋቱ ካልለቀቀህ ተመልሰህ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ከኋላህ ስንት ሰው ቢጠብቅም ጤናህ ነውና አትፈር።

አሁን ወደ ተልባው። ተልባ እወዳለሁ፤ ቤቴም አይጠፋም። ከፍሬው ክብደት 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ከዘይቱ ከግማሽ በላዩ ደግሞ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው። ውኃ ሲነካው የሚዝለገለገው አሰር ሌላው ሀብቱ ነው። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፤ ይህ ዝልግልግ አሰር አንጀት ውስጥ ሐሞቱን ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ ይስባል። አንተ አጥልለህ የምትጠጣው ውኃ ከዚህ ጥቂቱን ይዟል።

የምትደፋው ፍሬ ግን ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። በተለይ ሊግናን የሚባለው ውሁድ አብሮ ይደፋል። ተልባ በሊግናን የሚተካከለው ምግብ የለም፤ ከሌሎች እህሎችና ቅጠላ ቅጠሎች በመቶዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በተልባ ውስጥ ዋናው ሊግናን በአጭሩ ኤስዲጂ ይባላል፤ የሚገኘውም በብዛት በፍሬው ቅርፊት ነው። ባለበት መልኩ ብዙ አይሠራም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ኢንተሮዲዮልና ኢንተሮላክቶን ወደሚባሉ ውሁዶች ይለውጡታል፤ ወደ ደም የሚገቡትም እነርሱ ናቸው። አንድ ዓይነት ተልባ የጠጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውጤት የማያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የአንጀታቸው ባክቴሪያ አንድ አይደለም። በፊንላንድ በተሠራ ጥናት አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንተሮላክቶን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ግዙልኝ የሚሉ ደንበኞቼን ስከለክል ይህንንም አነሣላቸዋለሁ።

ሙሉው ፍሬ በጥርስ ስለማይደቅ አብዛኛው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። መወቀጥ ወይም መፈጨት አለበት። የእናቶቻችን ሙቀጫ ይህንን ሥራ በሚገባ ሲሠራ ኖሯል።

ምርምሩ ምን አገኘ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ትንተና በሰዎች ላይ የተደረጉ 28 ሙከራዎችን አንድ ላይ መዘነ። በአማካይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል የቀነሰው፣ የአንተ 248 በተለካበት መለኪያ፣ በ4 ሚሊግራም ገደማ ነው። አዎን፣ 4 ብቻ። ውጤቱ በሴቶች፣ በተለይም የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች፣ እንዲሁም ኮሌስትሮላቸው ሲጀመር ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ሻል ያለ ነበር። ዘይቱ ያልተጨመቀው ተልባና ሊግናኑ ኮሌስትሮልን ሲቀንሱ ዘይቱ ብቻውን ግን አልቀነሰም። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ መልስሽ እዚህ አለ፤ ዘይቱ ሲጨመቅ አሰሩም ሊግናኑም ከፋጉሎው ጋር ይቀራሉ። ያወጣሽው ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ተለቅ ያለ ለውጥ ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ባለ 55 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ፣ በቀን 600 ሚሊግራም ኤስዲጂ ለ8 ሳምንት ሲወሰድ ኤልዲኤል ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀነሰ ይላል። ነገር ግን ያ ተጨምቆ የወጣ ውሁድ ነው። ከተልባ ልታገኘው ብትል በየቀኑ 50 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መብላት ይጠይቅሃል፤ ይህን ያህል ሆድ አይችለውም።

ለአንተ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጃፓን ጥናት ነው። ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያለው 30 ወንዶች ለ12 ሳምንት ክትትል ተደረገላቸው። ከፊሎቹ በቀን 100 ሚሊግራም ኤስዲጂ፣ ከፊሎቹ 20፣ ከፊሎቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። 100 የወሰዱት ኤልዲኤላቸው ከኤችዲኤላቸው አንጻር ዝቅ አለ፤ የጉበት ኢንዛይሞቻቸውም ቀነሱ። 100 ሚሊግራም ማለት ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ሊሰጥህ የሚችለው መጠን ነው። ሠላሳ ሰው ጥቂት ነው፤ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አልይዘውም።

ስለ ጉበት ስብ በቀጥታ የተሠራው የኢራን ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው 50 ሰዎች ሁሉም አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉና እንዲንቀሳቀሱ ተመከሩ። ግማሾቹ በተጨማሪ በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ12 ሳምንት ወሰዱ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፤ ተልባ የጨመሩት ግን የኢንዛይማቸውም የጉበት ስባቸውም ቅናሽ በልጦ ተገኘ። ልብ በልልኝ፤ ማንም አመጋገቡን ሳያስተካክል ተልባ ብቻ አልጠጣም።

መድኃኒትህንም በተመለከተ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። በካናዳ የእግር ደም ሥር መጥበብ ባለባቸው 110 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ስታቲን በሚወስዱት ላይ ኤልዲኤልን ከመድኃኒቱ በላይ ተጨማሪ ቀንሷል። ተልባና ክኒኑ ይረዳዳሉ እንጂ አይጣሉም። ወንድሜ ደጀን፣ በውጤትህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ቢራና ጥሬ ሥጋ መተውህ፣ በየማታው አንድ ሰዓት መሄድህ ግን ከተልባው የበለጠ የሠራልህ ይመስለኛል። መድኃኒቱን ስለማቆምህ ሐኪምህ ይወቅ፤ እባክህ።

አሁን ስለ ማሩ። ይህን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ግራም ይሆናል። በዓመት ብታሰላው 22 ኪሎ ገደማ ነው። ማር ንጹሕ ቢሆንም ከክብደቱ ከአምስት አራቱ እጅ ስኳር ነው፤ ከስኳሩም ትልቁ ድርሻ ፍሩክቶስ ነው። ፍሩክቶስን ጉበት ተቀብሎ ወደ ስብ ይለውጠዋል። ትራይግሊሰራይድህ 210 የሆነ ሰው ጉበትህን ለማከም በየማለዳው ጉበትህን ማር ታጠጣዋለህ። ጭማቂ ቤቶች የሚሸጡት ስኳር የበዛበት የተልባ ጁስም እንደዚሁ ነው።

የተፈጨውን ተልባ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አድርሰው። ውኃ በብዛት ጠጣበት፤ ያለ በቂ ውኃ ተልባ አንጀት ውስጥ ሊቋጠር ይችላል። ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን ሊያዘገይ ስለሚችል ተልባህን ጠዋት፣ ክኒንህን ማታ አድርገው። ከሁሉም በላይ ግን ክብደትህ። ከ84 ኪሎ 7 በመቶው 6 ኪሎ ገደማ ነው። ለጉበት ስብ ይህን የሚያህል መድኃኒት ከተልባም ከሌላም አላውቅም።

የአርሲዋ፦

ልጄ፣ የሕክምናውን ነገር ልጄ ፋርማሲስቷ ተናግራዋለች፤ እኔ ስለ አዘገጃጀቱ ልንገርህ። አሰላ ነው ያደግሁት፤ ተልባ ከደጃችን ነበር የሚበቅለው። ሲያብብ ማሳው ሰማያዊ ይሆንና ጠዋት ላየው ሰው ውኃ የተኛበት ይመስላል።

ስትገዛ እጅህን አስገባበት። ደኅናው ተልባ ከጣትህ መካከል ሾልኮ ያልቃል፤ እርጥበት የገባበት እጅ ላይ ይቀራል። በሰፌድ አንገዋልለው፣ በወንፊት አቧራውን ንፋው። እንዳታጥበው! ውኃ ከነካው ተያይዞ ይበላሻል። ብረት ምጣዱ ለዘብ ባለ እሳት ይሙቅ፤ ተልባውን ስስ አድርገህ አፍስስና እጅህን ሳታሳርፍ አማስለው። መንጫጫት ይጀምራል፣ ከምጣዱም እየዘለለ ይወጣል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የተባለው ለዚህ ነው። መንጫጫቱ ረገብ ሲል፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላ አውርደው። ትንሽ ካሳለፍከው ይመርራል። ሰፌድ ላይ አቀዝቅዘው፤ ትኩሱን ከወቀጥከው ዘይቱ ይወጣና ከሙቀጫው ጋር ይጣበቃል።

ሙቀጫ ከሌለህ የቡና መፍጫ ይበቃሃል። የሳምንትህን ብቻ ፍጭ። በማር ፈንታ በጨውና በትንሽ በርበሬ በጥብጠህ እንጀራ ፈትፍትበት፤ በጾም ወራት ቤታችን ምሳው ይኸው ነበር።

ፋርማሲስቷ፦

እማማ፣ እጅዎን ይባርክ። የሚጨመር አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ጥሬ ተልባ ውስጥ በጥቂቱ ሳያናይድ ሊያወጡ የሚችሉ ውሁዶች አሉ፤ መቁላቱ ይቀንሳቸዋል፤ ሊግናኑ ግን ሙቀቱን ይችላል። የተፈጨውን በክዳን ዘግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ነው። ቀለም ቀለም ከሸተተ ዘይቱ ተበላሽቷልና ይደፋ፤ የቤት ቀለም የሚበጠበጥበት ዘይት ከዚሁ ከተልባ ነው የሚወጣው።

የስፌት ሰው፦ (ጥር 28)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ውጤቴን ልነግራችሁ ተመልሼ መጥቻለሁ። መድኃኒቱን ያን ዕለት ማታ ጀመርኩ። ማሩን ተውኩ። ተልባውን እንደ እማማ አቆላል ቆልቼ በቡና መፍጫ እየፈጨሁ ጠዋት ሁለት ማንኪያ በውኃ እጠጣለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ በእንጀራ እፈተፍተዋለሁ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ደንበኞች አኮረፉ፤ አሁን ሰዓቴን ያውቃሉ።

ክብደቴ 79 ከግማሽ ሆኗል። ኤልዲኤል 96፣ ትራይግሊሰራይድ 148፣ ኤኤልቲ 37። አልትራሳውንዱ «ደረጃ 1» አለ። ውጤቱን ሳይ ወረቀቱን ይዤ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚህ ውስጥ የተልባው ድርሻ ስንት ነው? ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከእኔ ሰምታ እናቴም በየቀኑ መጠጣት ጀምራለች፤ እርሷ ግን ለልቧ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች።

ፋርማሲስቷ፦

ወንድሜ፣ ዜናህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አነበብኩላቸው። ድርሻውን ለይቼ ልነግርህ አልችልም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለጀመርክ ማንም ሊለየው አይችልም። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ብቻውን ኤልዲኤልን 40 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የኤልዲኤልህ ቅናሽ አብዛኛው የመድኃኒቱ ነው። ጉበትህን ያቀለለው ደግሞ በዋናነት የወረደው 4 ኪሎ ተኩልና የቀረው ማር ነው ብዬ አስባለሁ። ተልባውም በሁለቱም ላይ የበኩሉን ሳያግዝ አልቀረም። የቀረህ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ እርሷንም ጨርሳት።

ስለ እናትህ ዛሬውኑ ደውልላት። ተልባ በብዛት ሲወሰድ ከዋርፋሪን ጋር ተደርቦ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ተቋም ሄዳ ስንት ማንኪያ እንደምትጠጣና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ትንገራቸው፤ የደሟን የመርጋት ፍጥነት ይለኩላት። እስከዚያው ተልባውን ታቆየው፤ ዋርፋሪኑን ግን በራሷ እንዳታቋርጥ። ድድዋ ከደማ፣ ሰውነቷ ላይ ሳትመታ ሰማያዊ ምልክት ከወጣ ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ። ስትደውልላት እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቃት፤ መልሷንም ጻፍልኝ፤ ማታ እመለሳለሁ።